ስካነሩ «አልተገኘም» የሚለው ለምንድን ነው? ስለ መጽሐፍ ቁጥርና ስለ መደብር ሶፍትዌር

ከደብተር ወደ ኮምፒውተር የተሻገረ መጽሐፍ ሻጭ ውሎ አድሮ የሚገጥመው ነገር አለ። መደርደሪያው ላይ አምስት ፍሬ ካለው መጽሐፍ አንዱን አንስቶ ባርኮዱን በስካነር ያነባል። ስክሪኑ «አልተገኘም» ይላል። መጽሐፉ እጁ ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን የለም እያለው ነው። ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ ስለሆነ ሻጩ ልጅ እንደ አዲስ መጽሐፍ መዝግቦ ይሸጥለትና ይገላገላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ አንድ መጽሐፍ ሲስተሙ ውስጥ ሁለት ሆነ ማለት ነው። በአንዱ መዝገብ አምስት እንዳለ ይታያል፣ በሌላው ከዜሮ በታች አንድ። ቆጠራ ሲደርስ መደርደሪያው ላይ አራት ይገኛል፣ ሒሳቡ አልገጥም ይላል፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም ያ ልጅ ነው።

ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ «ስካነሩ ተበላሽቷል»፣ «ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገብቶበታል»፣ አልፎ ተርፎም «ሠራተኛው አጭበርብሯል» ሲባል ይሰማል። ብዙውን ጊዜ ግን ስካነሩም ደህና ነው፣ ልጁም ንጹሕ ነው። መጽሐፉ ሁለት ዓይነት ቁጥር ስላለው ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ ሁለቱ የአንድ መጽሐፍ መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ አልተሰጠውም።

ለመሆኑ ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?

ከመጽሐፍ ጀርባ፣ ባርኮዱ አጠገብ የሚታተመው ረጅም ቁጥር አይኤስቢኤን ይባላል። ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ማለት ነው። አንድ ርዕስ ያላቸው ብዙ መጻሕፍት ሊኖሩ ይችላሉ፣ ቁጥሩ ግን የአንድ መጽሐፍ የአንድ እትም ብቻ ነው። ያው መጽሐፍ በጠንካራ ሽፋንና በስስ ሽፋን ከታተመ ሁለት ቁጥር ይኖረዋል። ይዘቱ ሳይነካ እንዲሁ በድጋሚ ከታተመ ግን የቀድሞው ቁጥር ይቀጥላል።

ነገሩ የተጀመረው ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለምሁራን ተብሎ እንዳይመስላችሁ። የመደብር ጉዳይ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ደብሊው ኤች ስሚዝ የተባለው የእንግሊዝ መጽሐፍ ነጋዴ መጋዘኑን በኮምፒውተር ሊያደርግ ሲነሳ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የማይምታታ ቁጥር አስፈለገው። ጎርደን ፎስተር የተባለ የስታቲስቲክስ ምሁር ባለ 9 አኃዝ አሠራር ነደፈ። ይህ አድጎ በ1970 ባለ 10 አኃዝ ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆነ። እንግዲህ ዛሬ ደሴ ላይ አንድ መጽሐፍ ሻጭ ስቶኩን ለማወቅ የሚቸገርበት ነገርና ቁጥሩ መጀመሪያ የተፈጠረበት ምክንያት አንድ ነው።

አኃዞቹስ ምን ይነግሩናል?

አሁን የምንጠቀምበት ባለ 13 አኃዝ ቁጥር አምስት ክፍል አለው። መጀመሪያ 978 ወይም 979 ይመጣል። ቀጥሎ አገርን ወይም ቋንቋን የሚያመለክት ቁጥር አለ፤ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መጻሕፍት በ0 ወይም በ1 ይጀምራሉ፣ ለኢትዮጵያ የተሰጠው ደግሞ 99944 ነው። ከዚያ አሳታሚው፣ ከዚያ መጽሐፉ ራሱ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት የማረጋገጫ አኃዝ።

የኛ መነሻ አምስት አኃዝ መውሰዱን ልብ በሉ። ከ13ቱ ላይ የፊቱን 3፣ የአገሩን 5 እና የማረጋገጫዋን 1 ስትቀንሱ ለአሳታሚውና ለመጽሐፉ የሚቀረው 4 አኃዝ ብቻ ነው። አራት አኃዝ ደግሞ 10,000 መጻሕፍት ይይዛል፣ ከዚያ አያልፍም። እንግሊዝኛው በአንድ አኃዝ ስለሚጀምር ቦታው እጅግ ሰፊ ነው። ቁጥር እንደ መሬት የሚሸነሸን ነገር መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

በአገራችን ቁጥሩን የሚሰጠው ብዙዎቻችን ወመዘክር እያልን የምንጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው፣ የአሁን ስሙ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት።

ለምን ከ10 ወደ 13 ተቀየረ?

በሁለት ምክንያት። አንደኛው፣ አንዳንድ አካባቢዎች የደረሳቸው ቁጥር እያለቀ ነበር። ሁለተኛው ባርኮድ ነው። ሳሙናውም ብስኩቱም በዓለም ገበያ የሚለየው ባለ 13 አኃዝ ባርኮድ ነው፣ መጽሐፍ ብቻ 10 ይዞ ሊቀጥል አልቻለም። ስለዚህ ታኅሣሥ 23 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2007፣ ባለ 13 አኃዙ በይፋ ሥራ ላይ ዋለ።

የስልክ ቁጥራችን የተቀየረበትን ጊዜ የምታስታውሱ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቁጥሮች ሲረዝሙ ሰውየው ያው ሰውዬ ነው፣ ቤቱም ያው ቤት ነው። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የድሮውን ቁጥር ብቻ የያዘ ሰው ግን ደውሎ ሊያገኘው አልቻለም። መጽሐፍም ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ታዲያ 978 ፊቱ ላይ ቢለጠፍ አይበቃም?

አይበቃም። ብዙ መዝገብ የተበላሸውም «ይበቃል» ተብሎ ነው።

የመጨረሻዋ አኃዝ ዝም ብላ የተቀመጠች አይደለችም። ከፊቷ ያሉትን አኃዞች አባዝቶ በመደመር የምትገኝ ናት። ሥራዋ ስህተት መያዝ ነው፤ ሻጩ ሲጽፍ አንድ አኃዝ ቢስት ስሌቱ አይገጥምምና ኮምፒውተሩ ወዲያው ያውቃል። ባለ 10 እና ባለ 13 ቁጥሮች ይህችን አኃዝ የሚያወጡበት ስሌት ይለያያል።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሩን ለማሳያ ያህል እኔ ነኝ ያቀናበርኩት። በድሮው አሠራር 99944-0-122 እንበል፣ የመጨረሻዋ አኃዝ ገና አልታወቀችም። ከግራ ጀምረን በ10፣ በ9፣ በ8 እያልን እስከ 2 እያባዛን ስንደምር 309 ይመጣል። ድምሩ ለ11 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ቀጣዩ እንዲህ ያለ ቁጥር 319 ስለሆነ 10 ይጎድላል። በአንዲት ቦታ ላይ 10 መጻፍ ስለማይቻል የላቲኗ ኤክስ ትገባለች፣ በሮማውያን አቆጣጠር 10 ማለት ናትና። ስለዚህ የመጽሐፉ የድሮ ቁጥር በኤክስ ያልቃል።

ይኸው መጽሐፍ በአዲሱ አሠራር 978-99944-0-122 ይሆናል። አሁን አኃዞቹን በ1፣ በ3፣ በ1፣ በ3 እያፈራረቅን እያባዛን እንደምር። 128 ይመጣል። ወደ ቀጣዩ ሙሉ አሥር ቤት፣ ወደ 130 ለመድረስ 2 ይጎድላል። የመጨረሻዋ አኃዝ 2 ናት፣ ሙሉ ቁጥሩም 978-99944-0-122-2።

አያችሁ፣ የድሮው በኤክስ ያልቃል፣ አዲሱ በ2። 978ን ፊቱ ላይ ለጥፎ መጨረሻውን እንዳለ የተወ ሰው የማንም መጽሐፍ ያልሆነ ቁጥር ፈጥሮ መዝገብ ውስጥ አስገባ ማለት ነው። ስካነሩ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ቢያነብ ያንን ቁጥር አያገኘውም።

ሶፍትዌሩ የሚሰናከለው የት ላይ ነው?

በመጀመሪያ ቦታ ይጠበዋል። ድሮ የተሠሩ ፕሮግራሞች ለመጽሐፍ ቁጥር የመደቡት ልክ 10 ቦታ ነበር። 13 አኃዝ ሲመጣ አንዳንዱ አልቀበልም ይላል። ሌላው ግን ድምፁን አጥፍቶ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቆርጦ ይጥላል፣ ይሄኛው የከፋ ነው። ከላይ ያየነውን ቁጥር ብትወስዱ የሚቀረው 9789994401 ነው። መጽሐፉን የሚለዩት የመጨረሻ አኃዞች ስለጠፉ 978-99944-0-122ም ሆነ 978-99944-0-175 እዚያው አንድ መዝገብ ላይ ይደራረባሉ።

ሁለተኛው፣ ቁጥሩን እንደ ሒሳብ ቁጥር መያዝ ነው። አይኤስቢኤን አይደመርም አይቀነስም፣ ስለዚህ መቀመጥ ያለበት እንደ ጽሑፍ ነው። እንደ ቁጥር ከተያዘ በ0 የሚጀምረው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ዜሮውን ያጣና ባለ 9 ይሆናል፣ በኤክስ የሚያልቀው ደግሞ ከነጭራሹ አይገባም። ኤክሴል የምትጠቀሙ ይህን በዓይናችሁ አይታችሁት ይሆናል። 13 አኃዝ ስትጽፉ 9.79 ዓይነት አጭር ቁጥርና አንዲት የላቲን ፊደል ያሳያችኋል። አብሽሩ፣ ቁጥሩ አልጠፋም። ዓምዱን መጀመሪያውኑ «ጽሑፍ» ብላችሁ አስተካክሉት። አንዴ የጠፋ ዜሮ ግን ዓምዱን በኋላ በመቀየር አይመለስም።

ሦስተኛው ነው ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው። በፈረንጆቹ ከ2007 በፊት በታተሙ ብዙ መጻሕፍት ላይ በጽሑፍ የሚነበበው ቁጥር ባለ 10 ሆኖ ሳለ መስመሮቹ ውስጥ ያለው ግን ያኔም በ978 የሚጀምር ባለ 13 ነው። እንግዲህ ጠዋት መጽሐፉን ገቢ ያደረገው ሠራተኛ በዓይኑ ያየውን ባለ 10 በእጁ ይጽፋል። ከሰዓት የሚሸጠው ልጅ በስካነር ያነብና ባለ 13 ይመጣለታል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። «አልተገኘም» የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚህ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቅርንጫፍ ያለው ሰው ደግሞ ችግሩ በእጥፍ ይሆንበታል። አንዱ ቤት በእጅ ሲመዘግብ የኖረ ነው፣ ሌላው ከጅምሩ በስካነር። ካርቶኑ ተጭኖ ሐረጎን ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ከደሴ በባለ 10 ቁጥር ወጪ የሆነው መጽሐፍ እዚያ በባለ 13 ገቢ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ አንድ ካርቶን መጽሐፍ መንገድ ላይ የጠፋ ይመስላል። ሹፌሩ ምን ብሎ ይመልስ?

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። አንዳንድ የውጭ መጻሕፍት ላይ ከዋናው ባርኮድ ቀጥሎ አጠር ያለ ባለ 5 አኃዝ ባርኮድ አለ። የዋጋ ነው። 51995 ካለ 19.95 የአሜሪካ ዶላር ማለት ነው፣ 90000 ካለ ዋጋ አልተጻፈበትም። ስካነሩ ሁለቱን አገጣጥሞ እንዲያነብ ከተስተካከለ 18 አኃዝ ይመጣና መጽሐፉ አሁንም አይገኝም። ሶፍትዌሩ የመጀመሪያዎቹን 13 ብቻ እንዲወስድ ማድረግ ይቻላል፣ ወይም ስካነሩ ራሱ ትንሿን እንዲያልፋት።

979 ደግሞ ከየት መጣ?

978ም ቢሆን የማያልቅ አይደለም። ስለዚህ 979 ተከፈተ። ፈረንሳይ 979-10፣ ደቡብ ኮሪያ 979-11፣ ጣሊያን 979-12፣ አሜሪካ ደግሞ 979-8 ተሰጥቷቸዋል። አማዞን ላይ ራሳቸው ለሚያሳትሙ ሰዎች በነፃ የሚሰጠው ቁጥር በ979-8 የሚጀምር ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ጽፎ ያሳተመው መጽሐፍ በሻንጣ መጥቶ ደሴ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ይሄን ይዞ ነው የሚመጣው።

ስልክ ላይ 07 የመጣ ጊዜ የሆነውን አስታውሱ። በ09 ካልጀመረ ስልክ አይደለም የሚሉ ፎርሞች ነበሩ። «መጽሐፍ በ978 ይጀምራል» ተብሎ የተጻፈ ፕሮግራምም እንደዚያው 979ን እንደ ሌላ ዕቃ ይቆጥረዋል።

ከዚህ የሚብሰው ውስጥ ውስጡን በባለ 10 የሚሠራው ሶፍትዌር ነው። ላይ ላዩን 13 ይቀበላል፣ ሲያስቀምጥ ግን የፊቱን ሦስት ቆርጦ ወደ ድሮው ይመልሰዋል። ለ978 ይሄ ይሠራል። የ979 መጽሐፍ ግን ባለ 10 ቁጥር የለውም፣ ኖሮትም አያውቅም። በ979-8-8 የሚጀምር የአሜሪካ መጽሐፍ ፊቱ ሲቆረጥ በ8 የሚጀምር ባለ 10 ይሆናል፣ በ8 የሚጀምሩ ደግሞ እንደ ህንዱ 81 እና እንደ ጣሊያኑ 88 ያሉ የሌሎች አገሮች ቁጥሮች ናቸው። ያ ቁጥር የሌላ መጽሐፍ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ደንበኛው አንዱን ገዝቶ ደረሰኙ ላይ የሌላ ርዕስና የሌላ ዋጋ ይወጣለታል።

የድሮው መዝገብ እንዴት ይስተካከል?

ከምንም በፊት ዳታውን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ፍላሽም ይሁን ሌላ ኮምፒውተር። ከዚያ ዋናው ውሳኔ ይመጣል። እያንዳንዱ መጽሐፍ ሲስተሙ ውስጥ የራሱ የውስጥ መለያ ይኑረው፣ አይኤስቢኤኑ ደግሞ እንደ ርዕሱና እንደ ዋጋው የመጽሐፉ መረጃ ሆኖ ይቀመጥ። እንዲህ ሲሆን የሽያጭ ታሪኩና የስቶኩ ቁጥር የሚንጠለጠሉት በውስጥ መለያው ላይ ስለሆነ፣ ዓለም ነገ ሌላ ቁጥር ቢያመጣ እንኳ የሦስት ዓመት ሽያጭ አይናጋም። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆች፣ በተለይ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ ለከተማችን መደብሮች የምትሠሩ፣ እባካችሁ ይህን አትዝለሉት።

ቁጥሮቹን ስታጸዱ ሰረዝና ክፍት ቦታ ይውጣ። ባለ 10 የሆነውን ሁሉ መጀመሪያ የማረጋገጫ አኃዙ መግጠሙን አሰሉ። ከገጠመ ወደ 13 ቀይሩት፣ የመጨረሻዋን አኃዝ እንደገና አስልታችሁ። ካልገጠመ አትቀይሩት፣ ለብቻ ዝርዝር አውጡና መደርደሪያው ጋ ሄዳችሁ መጽሐፉን አንስታችሁ እዩት። ባለ 9 ሆኖ የተገኘው አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ የጎደለበት ነው። የድሮውን ባለ 10 አትሰርዙት፣ ከጎኑ ይቆይ፤ የተማሪ የመጽሐፍ ዝርዝር ላይም ሆነ በድሮ ካታሎግ ላይ ያ ቁጥር ገና አለ። ፍለጋው ሁለቱንም ይቀበል።

ቁጥሮቹ ሲስተካከሉ ድርብ መዝገቦች ራሳቸው ብቅ ይላሉ። ሁለቱ ወደ አንድ ይጠቃለላሉ፣ አምስትና ከዜሮ በታች አንድ ተደምረው አራት ይሆናሉ። መደርደሪያውም ላይ ያለው አራት ነው። የልጁም ስም ይጸዳል።

ስታጠቃልሉ ግን በርዕስ ብቻ አትሂዱ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚገዟቸው የኢንጂነሪንግና የሕክምና መጻሕፍት ብዙዎቹ በህንድ በርካሽ የታተሙ ናቸው። ርዕሱም ደራሲውም ከአሜሪካው ጋር አንድ ነው፣ ቁጥሩ ግን የራሱ ነው፣ ዋጋውም በጣም ይለያያል። ሁለት መዝገብ ሆነው መቅረት አለባቸው።

ቁጥር የሌለው መጽሐፍስ?

ይሄ እኛ ጋ ብዙ ነው። የድሮ የአማርኛ ልቦለዶች፣ የሃይማኖት መጻሕፍት፣ ያገለገሉ መጻሕፍት፣ ደራሲው በራሱ ወጪ አሳትሞ በእጁ የሚያከፋፍላቸው። ለነዚህ መደብሩ የራሱን ባርኮድ ማተም ይችላል። በዓለም አቀፉ የባርኮድ አሠራር ከ200 እስከ 299 የሚጀምሩ ቁጥሮች ለቤት ውስጥ አገልግሎት የተተዉ ናቸው፣ ከማንም ዕቃ ጋር አይጋጩም። በ2 ጀምራችሁ 12 አኃዝ አድርጉ፣ የመጨረሻዋን ከላይ በ1 እና በ3 ባየነው ስሌት አውጡ፣ ስካነሩ እንደማንኛውም ባርኮድ ያነበዋል። በ978 የሚጀምር ቁጥር ግን ከራሳችሁ አትፍጠሩ። አንድ ቀን የዚያ ቁጥር እውነተኛ ባለቤት መደርደሪያችሁ ላይ ይመጣል።

ሶፍትዌር ልትገዙ ከሆነ ምን ትጠይቁ?

ወረቀት ላይ የተጻፈ ዝርዝር አትመኑ። ሦስት መጽሐፍ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ በፈረንጆቹ ከ2007 በፊት የታተመና ባለ 10 ቁጥር የተጻፈበት ይሁን፣ በኤክስ የሚያልቅ ካገኛችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ። ሁለተኛው በ978 የሚጀምር፣ ሦስተኛው በ979። የመጀመሪያውን ባለ 10 ቁጥር በእጃችሁ ጽፋችሁ አስመዝግቡ፣ ከዚያ ባርኮዱን በስካነር አንብቡት። ያው መጽሐፍ መምጣት አለበት። የሁለተኛውን አንድ አኃዝ ሆን ብላችሁ ሳቱ፣ ሶፍትዌሩ ስህተት ነው ማለት አለበት። ሦስተኛውን መዝግባችሁ፣ ሽጣችሁ፣ ደረሰኙ ላይ የወጣው ርዕስ የራሱ መሆኑን እዩ። ይህን ሁሉ ፊታችሁ ላይ ካላሳየ ክፍያውን አቆዩት።